ቁልፉ በእጃቸው ይሁን

 

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከሩቅ የመጣ ነው። ጸሐፊው በደቡብ ኦሞ፣ በኦሞ ወንዝ ዳር ካሉት የካሮ መንደሮች አንዷ በሆነችው በዱስ ለሥራ የተመደቡ ወንድማችን ናቸው። ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈርና በዲመካ በኩል ቱርሚ የደረሰ፣ ከዚያም ወደ ወንዙ የወረደ ሰው አገሩን ያውቀዋል። ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ አቧራው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ወንድማችን በሚኖሩበት ቤት የመብራት መስመር የለም። ማታ የሚያበሩት አምፖልም ሆነ ስልካቸውን የሚሞሉበት ኃይል ከጣሪያ ላይ ከተዘረጋች አንዲት የሶላር ሰሌዳ የሚገኝ ነው።

ወንድማችን የጻፉልን ስለ እናታቸው ነው። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን በሙሉ በጂንካ የኖሩ፣ የቅዳሜን ገበያ በድምፁ ብቻ የሚለዩ፣ ቤታቸው ከጎረቤት ተለይቶ የማያውቅ ሴት ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው ልጃቸው ወደ ዱስ ወሰዷቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ «እስቲ ያሲንን ክፈትልኝ»፣ «እስቲ ያንን መንዙማ አሰማኝ» እያሉ ልጃቸውንም የልጅ ልጆቻቸውንም ይጠይቁ ነበር። ስልኩ ግን የልጃቸው ነው። ቀን ቀን ከእርሳቸው ጋር ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ማታ ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ አልቆ ይገባል። ልጆቹም በጨዋታ ላይ ናቸው። እያደር እናት መጠየቃቸውን ተዉ። ልጃቸው ምክንያቱን ቢጠይቋቸው፣ «ሁልጊዜ ሰው ማስቸገር ምን ይሉታል?» ብለው መለሱላቸው።

ወንድማችን ጥያቄያቸውን እንዲህ ሲሉ አቅርበዋል። በሳዑዲ ዐረቢያ የምትኖር እህታቸው ውድ የሆነ ባለ መስታወት ስልክ ልግዛላት ትላለች። በጂንካ ያለ አንድ ባለ ሱቅ ደግሞ መብራቱ በየቀለሙ ብልጭ ድርግም የሚል ስፒከር አሳይቷቸዋል። «የትኛው ይሻላል? ወይስ ሌላ የምታውቁት አለ?» ይላሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄው የዕቃ ጥያቄ ይመስላል። እኛ ግን ደብዳቤውን ደግመን ስናነበው ያስጨነቀን የእናትየው ዝምታ ነው። አንድ ሰው የሚወደውን ነገር መጠየቅ ሲተው ፍላጎቱ ጠፍቶ አይደለም፤ የሰው እጅ ማየት መርሮት ነው። ስለዚህ መልሳችን የሚያተኩረው እኚህን እናት ከልመና የሚያወጣው መሣሪያ የትኛው ነው በሚለው ላይ ነው።

የእኛም ስሕተት

ምክር ከመስጠታችን በፊት የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዓይናቸው የጠፋ አክስት ነበሩን። ለዒድ ስጦታ ይሆናቸው ዘንድ በከተማው ያገኘነውን እጅግ ያማረ የቁርኣን ስፒከር ገዛንላቸው። ፊቱ ላይ የሱራውን ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት ነበረው። አብሮት የመጣው የርቀት መቆጣጠሪያም ከሃያ በላይ ቁልፎች ነበሩት፤ ሁሉም ልስልስ፣ ሁሉም እኩል። በዒዱ ዕለት እኛው ከፈትነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ አዳመጠ፤ አክስታችንም መረቁን።

ከወር በኋላ ስንመለስ ስፒከሩ ዳንቴል ለብሶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። «አክስቴ፣ ተበላሸ እንዴ?» ብንላቸው፣ «ኧረ ደህና ነው ልጄ፤ ግን እሱ የሚያይ ሰው ይፈልጋል» አሉን።

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋችም። ለማያይ ሰው የሚያይ ሰው የሚፈልግ ዕቃ ሰጥተን ኖሯል! ዕቃውን የመረጥነው በእኛ ዓይን ነበር። ውበቱን አየን፣ መብራቱን አየን፣ ዋጋውን አየን። ዓይናችንን ጨፍነን አንድ ጊዜ እንኳ ልንነካው አላሰብንም።

አስቀድሞ ዓይኑ ይታይ

ስለ መሣሪያ ከማውራታችን በፊት ለወንድማችንና ለመሰሎቻቸው የምናስቀድመው አንድ ነገር አለ። እናትዎን ለዓይን ባለሙያ አሳይተዋልን? እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰዎች 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆነው ተገኝተዋል። ከዚህም ውስጥ ግማሽ ያህሉን፣ ማለትም 49.9 ከመቶውን ለዓይነ ስውርነት የዳረገው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር። የሞራ ግርዶሽ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚገፈፍና ብዙ ጊዜ ብርሃን የሚመለስበት ሕመም ነው። 11.5 ከመቶው ትራኮማ በዓይን ብሌን ላይ ባስቀረው ጠባሳ የመጣ ነበር። ይህኛው ጠባሳ ከደረሰ በኋላ መመለሱ አስቸጋሪ ነው። ሆኖም ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት በጊዜ ማስተካከል የቀረውን ብርሃን ሊያድን ይችላል።

ብዙ ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። እርጅና ይሁን ሞራ የሚለየው ግን ባለሙያ ነው። እናትየውን አንድ ቀን ወደ ጂንካ አውጥቶ ማስመርመር ከማንኛውም ስጦታ ይቀድማል። አላህ ሽፋን ካደረገላቸው ደስታው የሁላችን ነው። ካልሆነም ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለሳለን።

ካሴቱ ምን ነበረው?

ድምፅን ለማያዩ ሰዎች መጠቀሚያ የማድረግ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1935 መጻሕፍትን በሸክላ እየቀዱ ለዓይነ ስውራን ማዳረስ ሲጀመር፣ ከቀዳሚዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ይገኙበት ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 የግብፅ ሬዲዮ ሥራውን ሲጀምር የመጀመሪያውን የቁርኣን ንባብ ያሰሙት ሼኽ ሙሐመድ ሪፍዓት ነበሩ። እኚህ ታላቅ ቃሪእ በሕፃንነታቸው ዓይናቸውን ያጡ ሰው ናቸው። በኋላም ሌላው ዓይነ ስውር የግብፅ ሰባኪ፣ ሼኽ ዐብዱልሐሚድ ኪሽክ፣ ትምህርታቸው በካሴት እየተባዛ ዐረብኛ በሚሰማበት አገር ሁሉ ተዳርሷል። ዓይን የሌላቸው ሰዎች የድምፅ መሣሪያ ተቀባዮች ብቻ አልነበሩም፤ መሣሪያውን በድምፃቸው ያስከበሩትም እነርሱ ናቸው ማለት ነው።

በእኛም አገር የካሴት ዘመን ብዙ ሽማግሌዎችን አስደስቷል። የፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣት ያቺ ትንሽ ካሴት ለማያይ ሰው ስንት ጥቅም እንደነበራት ልብ ብለነው አናውቅም ነበር። ቴፑ ቁልፎቹ በአንድ ረድፍ የተሰደሩ፣ ሲጫኗቸው ቀጭ የሚሉ ነበሩ። ሥራ ላይ ያለው ቁልፍ ወርዶ ስለሚቆይ ጣት ያውቀዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካሴት ያቆሙበትን ቦታ አትረሳም። ዛሬ ማታ ዱዓ መሐል ቢያጠፏት ነገ ጠዋት ከዚያው ትቀጥላለች።

ዛሬ ብዙ ሺህ ሰዓት የሚይዙ ማጫወቻዎች አሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የሚዳሰሰውን ቁልፍና ያቆሙበትን ማስታወስን ጥለዋቸዋል። ለእናትና ለአባት ማጫወቻ የሚገዛ ሰው እንግዲህ በአዲሱ ዕቃ ውስጥ የድሮውን ቴፕ ጠባይ ይፈልግ።

ዓይን ጨፍኖ መፈተሽ

ሱቅ ስትገቡ የሚከተለውን እንድታደርጉ እንመክራለን። ባለ ሱቁ ቢስቅባችሁም አትፈሩ።

በመጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ዕቃውን ተቀበሉ። ፊቱን ከጀርባው፣ ላዩን ከታቹ በጣት ብቻ መለየት ትችላላችሁ? ድፍን ክብ ወይም ድፍን ካሬ የሆነ ዕቃ ለዓይን ቢያምርም ለእጅ ግን ግራ ነው።

ሁለተኛ፣ ቁልፎቹን ቁጠሩ። ለአንድ አረጋዊ የሚያስፈልገው ማብሪያና ማጥፊያ፣ ማስጀመሪያና ማቆሚያ፣ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ መሳቻ ነው። ቁልፎቹ ከፍ ከፍ ያሉ፣ በመካከላቸው ክፍተት ያላቸው፣ ሲጫኗቸው የሚሰማ ወይም ለጣት የሚታወቅ ምላሽ የሚሰጡ ይሁኑ።

ሦስተኛ፣ አንድ ቁልፍ ሁለት ሥራ እንደሌለው አረጋግጡ። በርካሾቹ ስፒከሮች ላይ ይህ የተለመደ ችግር ነው። ቁልፉን ነካ ሲያደርጉት ወደሚቀጥለው ይዘላል፤ ጫን ብለው ሲያቆዩት ደግሞ ድምፅ ይጨምራል። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም በጣታቸው ቀስ የሚሉ እናት ድምፅ እጨምራለሁ ብለው ሱራውን ያሳልፉታል፤ የት እንደሄደባቸውም አያውቁም። ድምፁ በሚሽከረከር እጀታ የሚጨመርና የሚቀነስ ከሆነ እጅግ የተሻለ ነው።

አራተኛ፣ መሐል ላይ አቁሙና አጥፉት። እስከ መቶ ቆጥራችሁ እንደገና አብሩት። ካቆመበት ይቀጥላል ወይስ ከፋቲሓ ይጀምራል? ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የሚጀምር ማጫወቻ ይዘው አል በቀራን ደጋግመው ጀምረው መጨረስ ያልቻሉ ስንት አረጋውያን አሉ!

አምስተኛ፣ ለመናገር የአገሩን ሰው ቋንቋ ይጠቀማል ወይ ብላችሁ አዳምጡ። አንዳንዱ ሲበራ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ይጮኻል። ቋንቋውን ለማይሰሙ ሰው ይህ ድንጋጤ እንጂ መመሪያ አይሆንም። ከባዕድ ንግግር ይልቅ አጭር ጢጥ የሚል ድምፅ ይበልጣል።

በመጨረሻም ከተቻለ ባለቤቱ ራሳቸው ይምረጡ። እናትዎ ሱቅ መድረስ ካልቻሉ ሁለት ሦስት ዓይነት ዕቃ በመመለስ ውል ተቀብለው በእጃቸው ያስዳስሷቸው። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ጣት እኛ የማናስተውለውን ያስተውላል።

በገበያ ላይ ያሉት

አሁን ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እንይ።

ባለ መስታወት ስልክን በተመለከተ፣ ለማያይ ሰው አይሆንም የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ «ቶክባክ»፣ በአይፎን ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ «ቮይስኦቨር» የተባሉ ረዳቶች አሉ። ጣት የነካውን ሁሉ በድምፅ ይናገራሉ። በዚህ እየታገዙ የሚማሩና የሚሠሩ ዓይነ ስውራን ብዙ ናቸው። ለተማሪ ልጅ፣ ለወጣት፣ መልእክት ለሚልክና ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ በር ነው፤ በእኛ በኩል እንዲነፈገው አንፈልግም። ነገር ግን ልምምድ ይጠይቃል። በስድሳና በሰባ ዓመታቸው ዓይናቸውን ላጡ፣ ስልክ ነክተው ለማያውቁ እናት ለስላሳው መስታወት መንገዱ የጠፋ ሜዳ ነው። ከዚህም ሌላ ኃይሉ ቶሎ ያልቃል፤ በዱስ ሙቀት ደግሞ ይብስበታል።

የቁርኣን እስክሪብቶ የሚባለውም አለ። ገጹን ሲነኩት ያነባል። ለሚያዩ ሕፃናት ግሩም ዕቃ ነው። ለማያይ ሰው ግን የትኛውን አንቀጽ እንደሚነካ ማን ያሳየዋል? በዚህ ምክንያት አይመከርም።

ለዓይነ ስውራን ተብለው የተሠሩ ማጫወቻዎችም በውጭ አገር ይሸጣሉ። ከታወቁት አንዱ የካናዳው ሂዩማንዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው «ቪክተር ሪደር ስትሪም» ነው። ኪስ ይገባል፤ እንደ ድሮ ስልክ ባለ ቁጥር ቁልፎች አሉት፤ ያቆሙበትን ያስታውሳል፤ በመጽሐፍ ውስጥ በምዕራፍ በምዕራፍ ያዘልላል። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ለደረሳ የሚመኙት ዕቃ ነው። ዋጋው ግን ከብዙዎቻችን አቅም በላይ ነው፤ ቢበላሽም በቅርብ የሚጠግነው አይገኝም።

ባለ ቁልፍ ሞባይል ብዙ ጊዜ የሚናቅ ነገር ግን የሚበጅ ዕቃ ነው። የ5 ቁጥርን ቁልፍ ዳስሱ፤ ትንሽ ጉብታ አለችው። ይህች ጉብታ ማዕከሉን ለጣት ለማሳየት የተደረገች ናት። ሚሞሪ ካርድና ሬዲዮ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ኃይሉ ለቀናት ይቆያል፤ ድንገት ሰው መጥራትም ያስችላል። ጉድለቱ ማጫወቻውን ለማግኘት በዝርዝር ውስጥ ማለፍ ማስፈለጉ ነው። በአንድ ቁልፍ በቀጥታ የሚከፈት ሆኖ ካገኛችሁት ግን ጥሩ ምርጫ ነው።

የመጨረሻው ካርድና ፍላሽ የሚያጫውት፣ ሬዲዮም ያለው ትንሽ ስፒከር ነው። በየገበያው ይገኛል፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀላል። ከላይ በተናገርነው ፈተና ከመካከላቸው ጥቂቱ ብቻ ያልፋል። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ቁልፉን አይታችሁ ግዙ። ብልጭልጭ መብራት ያለውን ተዉት፤ ለማያይ ሰው የሚሰጠው ነገር የለም፤ የባትሪውን ኃይል ግን ይበላል።

ስለ ኃይልና ስለ ሙቀት

እንደ ዱስ ባለ ቦታ ባትሪው ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት ይገባል። ባትሪው የሚወጣና የሚለወጥ ይሁን። ብዙ ትናንሽ ሬዲዮኖችና ስፒከሮች «ቢኤል-5ሲ» የተባለችውን የድሮ ኖኪያ ባትሪ ይጠቀማሉ። ይህች ባትሪ በብዙ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ ትገኛለች። ሁለት ከተገዛ አንዷ ስትሠራ አንዷ ትሞላለች፤ ቤቱም ዝም አይልም።

ሶላሩ ፀሐይ ላይ ይሁን፤ ማጫወቻው ግን ጥላ ውስጥ ሆኖ ይሞላ። ሙቀት ባትሪን ይገድላል። ብዙ ሰው ሰሌዳውንም ስልኩንም አብሮ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም «ባትሪው ውሸት ነው» ይላል።

የቻርጀሩ ቀዳዳም ይታይ። የቆየችው ትንሿ ቀዳዳ ላይና ታች ስላላት፣ ገልብጠው የገፏት እንደሆነ ትሰበራለች። «ታይፕ-ሲ» የምትባለው አዲሲቱ ግን በሁለቱም ፊቷ ትገባለች። ዓይን ላለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ዓይን ለሌለው ግን የራሱን ዕቃ ራሱ ለመሙላት ያስችለዋል።

ለአቧራው ደግሞ በልኩ የተሰፋች፣ ማንገቻ ያላት የጨርቅ ከረጢት ትበቃለች። ማንገቻዋ ዕቃው ወድቆ እንዳይጠፋም ይረዳል። ጠፍቶ በእጅ እየዳበሱ መፈለግ እንዴት እንደሚያሰለች የሚያውቅ ያውቀዋል።

ካርዱን መሙላት የእኛ ሥራ ነው

ብዙ ቤተሰብ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ማጫወቻ ከነባዶ ካርዱ መስጠት ወፍጮ ያለ እህል እንደ መስጠት ነው።

ቁርኣን በሙሉ በዝግታ ሲነበብ ሠላሳ ሰዓት ያህል ቢወስድ፣ በመልካም ጥራት የተቀዳው ሁሉ ከ2 ጊጋባይት ያነሰ ቦታ ይይዛል። ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ ለቁርኣኑ፣ ለትምህርቱ፣ ለመንዙማውም ይበቃል። እንዲያውም ርካሾቹ ማጫወቻዎች ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነ ካርድ ብዙ ጊዜ አይቀበሉም፤ ትልቅ ካርድ በመግዛት አትድከሙ።

ሱራዎቹን ከ001 እስከ 114 ቁጥር ሰጥታችሁ በተራ ቅዱ። አንዳንዱ ማጫወቻ የሚያሰማው በስማቸው ቅደም ተከተል ሳይሆን ወደ ካርዱ በገቡበት ተራ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ፣ በተራ ማስገባት ይሻላል። በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ በቤተሰቡ ሰው ድምፅ፣ «እማዬ፣ ይህ አል በቀራ ነው»፣ «ይህ የዶክተሩ ምክር ነው» የሚል አጭር ቃል ቢቀዳ የመስኮቱን ጽሑፍ ይተካል። ከሁሉም ቋንቋ የሚሻለው የልጅ ድምፅ ነው።

ለቁርኣን አንድ ካርድ፣ ለሌላው ሌላ ካርድ ማድረግም ይቻላል። ነገር ግን እነዚህ ካርዶች ከጥፍር የማይበልጡ ስለሆኑ ይጠፋሉ። ማጫወቻው የፍላሽ ቀዳዳ ካለው ፍላሽ ይመረጣል፤ በአንዱ ላይ ክር ይታሰርበት፣ በሌላው ላይ ጨሌ፤ እጅ ይለያቸዋል። በዋናው ቁልፍ ላይም አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም ብታደርጉበት ደርቃ ጉብታ ትሆናለች።

በጅዳም ሆነ በሪያድ ያለች እህት በየወሩ የድምፅ ደብዳቤ ትላክ፤ ወንድሟ ወደ ካርዱ ያስገባው። እናት ደግመው ደጋግመው የሚሰሙት ይህን እንደሚሆን አንጠራጠርም።

መጻሕፍትን በድምፅ ስለማግኘትም አንድ ቃል እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2013 በማራካሽ የተፈረመው ስምምነት የታተሙ መጻሕፍት የባለ መብቱን ፈቃድ መጠየቅ ሳያስፈልግ ለዓይነ ስውራን በድምፅና በብሬል እንዲዘጋጁ መንገድ የሚከፍት ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀላቅላዋለች። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርም በዚህ ጉዳይ ሊጠየቅ የሚገባው ደጅ ነው። ወጣት ተማሪ ያላችሁ ቤተሰቦች ይህን አትርሱ።

ጥቂት የቤት ውስጥ አደብ

ማጫወቻው የማን እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። ልጆች ፊልም ሊያዩበት ወይም ጎረቤት ለሠርግ ሊዋሱት አይገባም። የተቀመጠበት ቦታም ሳይነገራቸው አይለወጥ። የጆሮ ማዳመጫ ካስፈለገም አንድ ጆሮ ብቻ ይሸፈን። ለማያይ ሰው ጆሮው ዓይኑም ነው፤ የሚመጣውን ሰው፣ የሚነደውን እሳት፣ የሚያልፈውን ከብት የሚያውቀው በእርሱ ነው።

ማጫወቻው የሰውን ቦታ እንዳይተካም እንጠንቀቅ። «ዕቃ ገዝተንላቸዋል» ብሎ ከጎናቸው መጥፋት ሌላ ብቸኝነት ነው። ወንድማችን በደብዳቤያቸው መጨረሻ እንደጠቀሱት፣ አንድ ዓይናቸው የደከመ የካሮ ሽማግሌ አልፎ አልፎ ከእናታቸው ደጃፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ሁለቱ በቋንቋ አይግባቡም፤ ቡና ግን አብረው ይጠጣሉ። ወንድማችን ሆይ፣ የእኚህን ሽማግሌ ተረትና የአገር ታሪክ በራሳቸው ፈቃድና በራሳቸው ቋንቋ በስልክዎ ቢቀዱና በአንድ ፍላሽ ቢያስቀምጡላቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው ያመሰግኑዎታል። ጉርብትናም ሐቅ አለው።

ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም

ይህን ስንጽፍ ደጋግመው ትዝ ያሉን ታላቁ ሶሓባ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ.) ናቸው። ሱረቱ ዐበሳ በእርሳቸው ምክንያት እንደወረደች አንባቢያን ታውቃላችሁ። ነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እኚህን ዓይነ ስውር ሶሓባ በመዲና ሙአዚን አድርገዋቸው ነበር። የሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ.) ገና በሌሊት አዛን ሲያሰማ ሰዎች ሱሑራቸውን ይበሉ ነበር፤ የሚያቆሙት የኢብኑ ኡሚ መክቱም አዛን ሲሰማ ነው። እርሳቸው ጎሕ መቅደዱን ማየት ስለማይችሉ ሰዎች ነጋ ይሏቸው ነበር። ያን ጊዜ ተነሥተው መዲናን ሁሉ ያነቁ ነበር።

ልብ በሉ! ዓይን የሚያስፈልገውን ጉዳይ ሌሎች ረዷቸው፤ አዛኑ ግን የእርሳቸው ነበር። «አያዩምና ሌላ ሰው ይበል» አልተባለም። እርዳታ ማለት ይህ ነው። ዓይን የሚጠይቀውን እኛ እንሥራ፤ ካርዱን እንሙላ፣ ባትሪውን እንመልከት፣ ክሩን እንሰር። ቁልፉን መጫን ግን ለባለቤቱ እንተው።

እንግዲህ ለወንድማችን የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። እናትዎን በቅድሚያ ለዓይን ባለሙያ ያሳዩ። ያ ባይሳካ፣ የእህትዎ ገንዘብ ለውድ ስልክ አይዋል፤ ባለ መብራቱንም ስፒከር ይተዉት። ቁልፎቹ ጥቂትና የሚዳሰሱ፣ ያቆመበትን የማይረሳ፣ ባትሪው የሚለወጥ ትንሽ ሬዲዮና ማጫወቻ ይፈልጉ። ሁለት ባትሪና አንድ የተሞላ ፍላሽ ይጨምሩበት። ከዚያም አንድ ከሰዓት በኋላ ከጎናቸው ተቀምጠው ያለማምዷቸው፤ ቢሳሳቱ እጃቸውን ይዘው አይንጠቁ፤ እስኪያገኙት ይታገሡ።

አላህ ቢል አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ፣ ማንም ሳይከፍትላቸው ከቤቱ ውስጥ የያሲንን ንባብ ይሰማሉ። ያን ቀን ለእኛም ይጻፉልን።

አላህ ለእናትዎና ለታመሙት ሁሉ ሽፋን ያድርግ፤ ወላጆቻችንን በአክብሮት ከሚጦሩት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።